ኦስቦርንን በሞተርሆም መጎብኘት፦ ላልተጣደፈ አንድ ቀን

ከእንግሊዝ ደቡባዊ ጠረፍ ፊት ለፊት ባለችው የዋይት ደሴት፣ ከኢስት ካውስ ከተማ ዳር፣ ንግሥት ቪክቶሪያና ባለቤቷ ልዑል አልበርት ከ1845 እስከ 1851 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ያሠሩት ኦስቦርን አለ። ለእኛ ቦታው ከቤተ መንግሥትነት ያለፈ ነው። የአፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ ከመቅደላ ተወስዶ እንግሊዝ በገባበት በ1868 ንግሥቲቱ ፊት የቀረበው እዚህ ነው። ገና የሰባት ዓመት ልጅ ነበር፤ እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅም ከመቅደላ ሲወርዱ መንገድ ላይ አርፈዋል። ይህን ይዞ ክፍሎቹን የሚዞር ሰው ሰዓት እያየ መሆን የለበትም። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ለኦስቦርን ስጡት፤ የሞተርሆሙን፣ ማለትም መኝታና ማብሰያ ያለውን መኪናችሁን፣ ጣጣ በዋዜማው ጨርሱ።

ወደ ደሴቱ ድልድይ የለም፤ መኪና የሚሻገረው በፌሪ፣ መኪና በሚጭን መርከብ፣ ነው። ከሳውዝሃምፕተን ወደ ኢስት ካውስ አንድ ሰዓት ገደማ፣ ከፖርትስማውዝ ወደ ፊሽቦርን 45 ደቂቃ ገደማ፣ ከሊሚንግተን ወደ ያርማውዝ 40 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። የመጀመሪያው ለኦስቦርን በጣም ቅርብ ነው፤ ከወደቡ እስከ በሩ 2.5 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ዋጋው በመኪናው መጠን ስለሚወሰን የኪራዩ ወረቀት ላይ ያለውን ቁጥር ብቻ አትመኑ፤ በሜትር ለኩ። ከኋላ የተንጠለጠለው የብስክሌት መስቀያ ርዝመት ውስጥ ይገባል፤ ጣሪያ ላይ ያለው ሳጥንና ዲሽም ቁመት ውስጥ። 6 ሜትር ተብሎ የተያዘው 6.7 ሆኖ ከተገኘ ልዩነቱን ወደብ ላይ መክፈል ይመጣል፤ መርከቡ ሞልቶ ከሆነ ደግሞ ቀጣዩን መጠበቅ። በእንግሊዝ በጋ (ከጁን እስከ ኦገስት) ቅዳሜና እሑድ፣ በተለይ የጀልባ ውድድሩ የካውስ ሳምንት ሲደርስ፣ ቦታ ቀድሞ ያልቃል። የሳምንቱን መሐል ቀናት ምረጡ።

ከመሳፈር በፊት የጋዝ ሲሊንደሩን ቫልቭ ዝጉ። ፍሪጁ በ12 ቮልት የሚሠራው ሞተሩ ሲነሣ ብቻ ስለሆነ መርከቡ ላይ ሥራ ያቆማል፤ ማታውኑ የበረዶ ጥቅሎች አቀዝቅዛችሁ ውስጡ ደርድሩና በሩን አትክፈቱ። መኪናው ቆሞ ሲቀር የእጅ ፍሬን ሳቡ፣ ማርሽ አስገቡ፣ እንቅስቃሴ የሚለየውን የስርቆት አላርም አጥፉ፤ አለበለዚያ የማዕበሉ መወዛወዝ እስከ ማዶ ያስጮኸዋል። መወጣጫው ላይ የሚጋጨው ብዙ ጊዜ ከኋላ ጎማ አልፎ የተረፈው አካል ነው። በእግር መሄጃ ፍጥነት ውጡ፤ ሠራተኛው በሰያፍ ግቡ ካለም እሱን ስሙ። በዚሁ ምክንያት ኢስት ካውስንና ካውስን የምታገናኘውን በሰንሰለት የምትሳብ ትንሽ ፌሪ ረጅም መኪና የያዘ ሰው ቢተዋት ይሻላል። የስልኩ ካርታ ወደ እሷ ከመራችሁ በኒውፖርት በኩል ዙሩ።

ካምፕ ቦታውን ሁለት ሌሊት ያዙ። አንድ ሌሊት ከሆነ በጉብኝቱ ጠዋት ዕቃ መጠቅለል፣ የቆሻሻ ውሃ መድፊያው ጋ መሰለፍና መውጫ ሰዓት መጠበቅ ይመጣል፤ ዕረፍቱን የሚበላው እሱ ነው። የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ማደር የሚቻለው ባለቤቱ ከፈቀደ ብቻ ነው፤ በዚያ ተስፋ አድርጋችሁ አትምጡ። እንደደረሳችሁ መጀመሪያ በታኮ አስተካክሉ፤ መኪናው ካዘመመ በጋዝ የሚሠራው ፍሪጅ በደንብ አያቀዘቅዝም። ከዚያ ኤሌክትሪኩን ሰኩ። መስመሩ 10 አምፔር ከሆነ 2 ኪሎ ዋት የውሃ ማፍያ ብቻውን 9 አምፔር ገደማ ይወስዳል፤ ማሞቂያውን አብራችሁ ካበራችሁ ብሬከሩ ይወርዳል። ቡና ሲፈላ ማሞቂያው ይጥፋ። የእጣቢውን ውሃና የሽንት ቤቱን ካሴት (ተነቅሎ የሚወጣውን ማጠራቀሚያ) ማታ ድፉ። ንጹሕ ውሃ እዚሁ ሙሉ እንጂ ከሩቅ ተሸክማችሁ አትምጡ፤ 100 ሊትር 100 ኪሎ ነው፣ ብዙዎቹ ሞተርሆሞች ደግሞ ከ3,500 ኪሎ ማለፍ አይፈቀድላቸውም።

ጠዋት መኪናውን እዚያው ትታችሁ በአውቶቡስ ሂዱ። ኦስቦርን በር ላይ የሚያቆሙ መስመሮች ከኒውፖርትና ከራይድ ይነሣሉ። ቤቱን የሚያስተዳድረው ታሪካዊ ቦታዎችን የሚጠብቀው ድርጅት ኢንግሊሽ ሄሪቴጅ ነው፤ የመክፈቻ ቀናቱ በየወቅቱ ይለያያሉ፣ በእንግሊዝ ክረምት፣ በብርዱ ወራት፣ በጣም ያጥራሉና ፌሪ ከመቁረጣችሁ በፊት አረጋግጡ። ከአሜሪካ ወይም ከዓረብ አገር ለመጣ እንግዳ የ9 ወይም የ16 ቀን የጎብኚ ፓስ አላቸው፤ ሌሎች ቤተ መንግሥቶችና ግንቦችም ካሰባችሁ ያዋጣል።

በሩ እንደተከፈተ ወደ ቤቱ ግቡ፤ የአትክልት ስፍራው ይደርሳል። ኮሪደሮቹ ጠባብ ስለሆኑ የአስጎብኚ አውቶቡሶች ሲመጡ መቆም ያስቸግራል። በንግሥቲቱ የግል ክፍል ጎን ለጎን የተቀመጡትን የእሷንና የአልበርትን የጽሕፈት ጠረጴዛዎች፣ በጃንዋሪ 22 ቀን 1901 ያረፈችበትን መኝታ ቤትና ሕንዳዊው ባለ እጅ ባይ ራም ሲንግ ከሎክውድ ኪፕሊንግ ጋር የነደፈውን በሕንድ ስልት ያጌጠ የደርባር አዳራሽ ጊዜ ሰጥታችሁ እዩ። በየክፍሉ የቆሙትን ሠራተኞች ስለ ልዑል ዓለማየሁ ጠይቁ። ብዙ ጎብኚ አይጠይቅም፤ መጠየቅ አለበት።

ምሳችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ቀዝቅዞ የሚበላ ፍርፍር ወይም ድፎ ዳቦ ለሣር ላይ ይስማማል። ከዚያ ወደ ስዊስ ኮቴጅ 20 ደቂቃ ያህል በእግር ነው። የንጉሣውያኑ ልጆች ምግብ ማብሰልና አትክልት መትከል የተማሩት እዚያ ነው፤ አባታቸው ያመረቱትን በገበያ ዋጋ ይገዛቸው ነበር። ለልጆቻችሁ ከወርቅ ክፈፉ ሁሉ ይህ ይጥማቸዋል። ወደ ባሕሩ ዳርቻ ስትወርዱ መንገዱ ቀላል ነው፣ መመለሻው ግን ዳገት ነው። በግቢው ውስጥ የሚመላለሰው ሚኒባስ በዚያ ቀን ይሠራ እንደሆነና የመጨረሻው ስንት ሰዓት እንደሚነሣ ቀድማችሁ ጠይቁ፤ ትንንሽ ልጆች ወይም አረጋውያን ይዛችሁ ከሆነ በተለይ።

የዓለማየሁን ዱካ የምትከተሉ ከሆነ በማግስቱ ወደ ደሴቱ ምዕራብ ጫፍ፣ ወደ ፍሬሽዋተር ንዱ። አሳዳጊው ካፒቴን ስፒዲ፣ በአገራችን ባሻ ፈለቀ የሚባለው፣ ልዑሉን ያኖረው እዚያ ነበር። ታዋቂዋ ፎቶግራፍ አንሺ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን በዚያው በ1868 ፎቶግራፍ አንሥታዋለች፤ መኖሪያዋ ዲምቦላ ዛሬ ሙዚየም ነው። ወደዚያ በኒውፖርት በኩል ያለውን ዋና መንገድ ያዙ፤ የመንደሮቹ አቋራጮች ለሞተርሆም ይጠባሉ። ከፍሬሽዋተር ያርማውዝ ቅርብ ስለሆነ መመለሻውን ከዚያ ወደ ሊሚንግተን ቁረጡ። የፖርትስማውዙንና የሊሚንግተኑን መስመር የሚያሠራው አንድ ድርጅት ነው፤ የኢስት ካውሱ ግን የሌላ ድርጅት ስለሆነ፣ በዚያ የገባ ሰው ሁለት የነጠላ ጉዞ ትኬት ያስፈልገዋል።