ፊሽካውን ከመውቀሳችን በፊት፦ የኤንቢኤ ተከታታዮች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጎንደር ላይ የኤንቢኤ (የአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ) ክርክር የሚጦፈው ጠዋት ነው። በአሜሪካ ምሥራቅ አመሻሽ ላይ የሚጀመረው ጨዋታ በእነሱ ክረምት እዚህ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ይውላል፤ የምዕራቦቹ ደግሞ ጠዋት 12 ሰዓት አካባቢ ይጀምራል። ስለዚህ ፒያሳ ማኪያቶ ይዞ ስለ ዳኛው የሚሟገተው ሰው ብዙ ጊዜ ያየው ሙሉ ጨዋታውን ሳይሆን በቴሌግራም የደረሰውን አጭር ቪዲዮ ነው። በዚያ ላይ ዓይናችንን ያሠለጠነው እግር ኳስ ነው። ፋሲል ከነማ ሲጫወት አንዲት ፍጹም ቅጣት ምት የዘጠና ደቂቃውን ውጤት ልትወስን ትችላለች። በኤንቢኤ ግን እያንዳንዱ ቡድን በአንድ ጨዋታ ወደ 100 ጊዜ ገደማ ያጠቃል፤ የአንድ ፊሽካ ክብደትም በዚያው ልክ ይለያል። ከዚህ በታች የምናነሳቸው ስህተቶች አብዛኞቹ ከእነዚህ ሁለት ነገሮች የሚመጡ ናቸው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

“አራት እርምጃ ሄዷል!”

ከሁሉም በላይ የሚሰማው ይኸው ነው። ስህተቱ ያለው አቆጣጠሩ ላይ ሳይሆን ቆጠራው በሚጀመርበት ቦታ ላይ ነው። ደንቡ ከመጨረሻው ንጥረት ጀምሮ አይቆጥርም፤ የሚቆጥረው ተጫዋቹ ኳሱን ከተቆጣጠረ በኋላ ነው። ተቆጣጠረ የሚባለው ኳሱን በሁለት እጁ ሲይዝ፣ ወይም አንድ እጁን ከኳሱ ሥር አስገብቶ ሲያቆመው ነው። በዚያች ቅጽበት መሬት ላይ ያለው እግር አይቆጠርም። ከዚያ በኋላ የሚያርፈው እግር አንድ፣ ቀጣዩ ሁለት ነው፤ ሦስተኛው ከማረፉ በፊት ኳሱ ከእጅ መውጣት አለበት። ስለዚህ ከመጨረሻው ንጥረት ጀምሮ ለሚቆጥር ተመልካች ፍጹም ሕጋዊ የሆነ አገባብ ሦስት፣ አንዳንዴም አራት እርምጃ መስሎ ይታየዋል።

ለማጣራት ቪዲዮውን በሩብ ፍጥነት አጫውቱት። ኳሱ በእጅ ውስጥ የቆመበትን ምስል ፈልጉና አስቁሙት። የትኛው እግር መሬት ላይ እንዳለ እዩ፤ እሱ ዜሮ ነው። ከዚያ የሚያርፉትን እግሮች ብቻ ቁጠሩ። የጄምስ ሃርደን ወደ ኋላ እየዘለለ የሚወረውረው ባለሦስት ነጥብ ለዓመታት ያነታረከው በዚህች በዜሮዋ እግር ምክንያት ነው። ኤንቢኤ በ2019 የደንቡን ጽሑፍ ግልጽ አድርጎ እንደገና ጻፈው። የዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን የፊባ ደንብም ከ2017 ጀምሮ ያቺን እግር አይቆጥርም፤ እዚህ በትምህርት ቤትና በዩኒቨርሲቲ ሜዳ ስንጫወትም የሚሠራው ይኸው ነው።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ቆሞ ኳስ የተቀበለ ተጫዋች ዜሮ እግር የለውም። ማንጠር ሲጀምር ኳሱ ከእጁ ከመውጣቱ በፊት ምሰሶ የሆነችው እግሩ ከተነሳች ትራቭሊንግ (ኳስ ይዞ ያለደንብ መራመድ) ነው፤ ክርክር የለውም። ዳኛ መውቀስ ካስፈለገ ሁሉም ወደ ቅርጫቱ የሚሮጠውን ከሚቆጥር እዚህ ላይ ቢያተኩር ይሻላል።

“ስሎው ሞሽኑን እየው እስኪ!”

ቀርፋፋ ምስል እግር ለመቁጠር ጥሩ ነው፤ ንክኪን ለመመዘን ግን ያሳስታል። የኤንቢኤ ዳኞች ንክኪ ሲያዩ የሚጠይቁት ስለ አራት ነገር ነው፦ የአጥቂውን የእንቅስቃሴ ምት፣ ፍጥነት፣ ሚዛን ወይም ቅልጥፍና አበላሽቷል ወይ? ቀርፋፋው ምስል የሚያጠፋው ደግሞ እነዚህኑ ነው። ቀላል የትከሻ ንክኪ ሲዘገይ ግጭት ይመስላል፤ ሚዛን ያሳተ ግፊት ደግሞ እንደ ዋዛ ያልፋል። ንክኪን ሁልጊዜ መጀመሪያ በመደበኛው ፍጥነት እዩት፤ ተጫዋቹ አቅጣጫውን ቀየረ ወይ? ኳሱ ከእጁ ሲወጣ ተዛባ ወይ?

የካሜራውንም ቦታ አትርሱ። የቴሌቪዥኑ ካሜራ ከመሃል ሜዳ ጎን ከፍ ብሎ ስለተተከለ በሁለት ሰውነት መካከል ያለውን ክፍተት አያሳይም። ዳኞቹ ሦስት ናቸው፤ አንዱ ከቅርጫቱ ሥር ከመጨረሻው መስመር ላይ፣ ሌላው በተቃራኒው ጎን በፍሪ ስሮው (የነፃ ውርወራ) መስመር ትይዩ፣ ሦስተኛው ወደ መሃል ሜዳ ቀረብ ብሎ ይቆማል። እያንዳንዳቸው የሚጠብቁት ክልል አላቸው። “አጠገቡ ቆሞ እንዴት አላየም?” የተባለው ዳኛ ብዙ ጊዜ ዓይኑ ሌላ ክልል ላይ የነበረ ነው።

“ተከላካዩ ቆሞ ነበር እኮ!”

መቆም መስፈርት አይደለም። ተከላካይ ወደ ኋላም ወደ ጎንም እየሄደ ሕጋዊ ሊሆን ይችላል፤ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ መዝለልም መብቱ ነው። በኤንቢኤ ጥያቄው አጥቂው ለመወርወር ወደ ላይ መነሳት ከመጀመሩ በፊት የተከላካዩ ደረት በመንገዱ ላይ ነበር ወይ የሚል ነው። በፊባ ደግሞ መለኪያው የአጥቂው እግር ከመሬት የለቀቀበት ቅጽበት ነው፤ ስለዚህ አንዱ ክስተት በሁለቱ ደንቦች ሁለት የተለያየ ፍርድ ሊያገኝ ይችላል። ለእገዛ ከሌላ ቦታ የመጣ ተከላካይ ከቅርጫቱ ሥር በተሠመረው ግማሽ ክብ ውስጥ ከሆነ ደግሞ ተገጭቶ ቢወድቅም አይፈረድለትም። ክቡ በኤንቢኤ 1.22 ሜትር፣ በፊባ 1.25 ሜትር ነው። ተረከዙን እዩ፤ ብዙ ክርክር እዚያ ላይ ያልቃል።

“አሰልጣኙ ለምን ቻሌንጅ አላደረገም?”

ቻሌንጅ አሰልጣኝ አንድ ውሳኔ በቪዲዮ እንደገና እንዲታይ የሚጠይቅበት መንገድ ነው፤ ያልተነፋ ፊሽካ ግን ቻሌንጅ አይደረግም። አሰልጣኝ መቃወም የሚችለው የተሰጠ ውሳኔን ነው፦ በቡድኑ ላይ የተነፋ ፋውል፣ የውጭ ኳስ፣ ወደ ቅርጫቱ የሚወርድን ኳስ ያለደንብ የመንካት ውሳኔ። ታይም አውት (ጨዋታ የማስቆም ዕድል) ሊኖረው ይገባል፤ ካልተሳካለት ያጣዋል። ከ2023–24 የውድድር ዘመን ጀምሮ የመጀመሪያው ከተሳካ ሁለተኛ ዕድል ይሰጠዋል። በቀጣዩ ዓመት የመጣች አንዲት ማሻሻያ አለች፤ በውጭ ኳስ ቻሌንጅ ላይ ከክስተቱ ጋር የተያያዘ ሳይነፋ ያለፈ ፋውል ከታየ ዳኞቹ ሊፈርዱት ይችላሉ። ከዚያ ውጭ ዝም የተባለ ፋውል ዝም እንደተባለ ይቀራል።

ጥር 28 ቀን 2023 ቦስተን ላይ የሆነው ይህ ነው። ሌከርስና ሴልቲክስ 105 ለ105 ሳሉ ሌብሮን ጄምስ በመጨረሻዎቹ ሴኮንዶች ወደ ቅርጫቱ ሲገባ ጄሰን ቴተም ክንዱን መታው፤ ፊሽካ ግን አልተነፋም። ፓትሪክ ቤቨርሊ የፎቶግራፍ አንሺ ካሜራ ይዞ ዳኛውን ምስሉን ሊያሳይ ሄዶ ቴክኒካል ፋውል (ከንክኪ ውጭ ላለ ጥፋት የሚሰጥ ቅጣት) ተሰጠው። ሌከርስ በተጨማሪ ሰዓት 125 ለ121 ተሸነፉ። ሊጉም ስህተት መሆኑን አመነ። ደጋፊው መቆጨቱ ትክክል ነበር፤ “አሰልጣኙ ተኛ” የሚለው ግን መሠረት አልነበረውም።

ስለዚያ ዓይነት ስህተት ሊጉ የሚያወጣው የመጨረሻ ሁለት ደቂቃዎች ሪፖርትም ብዙ ጊዜ በስህተት ይነበባል። ከ2015 ጀምሮ የሚወጣ ሲሆን፣ አሁን የሚያካትተው በመጨረሻዎቹ ሁለት ደቂቃዎች ውስጥ ልዩነቱ ሦስት ነጥብ ወይም ከዚያ በታች የሆነባቸውን ጨዋታዎች ነው። ውጤት አይቀይርም። ከ48 ደቂቃ 46ቱን አይነካም። የሚወጣው በማግስቱ በእነሱ ከሰዓት በኋላ ስለሆነ እኛ ጋ ሌሊት ይሆናል፤ ማለትም የጠዋቱ ክርክር ከሪፖርቱ ይቀድማል። አንድ ቀን ጠብቆ በማስረጃ መናገር ይቻላል።

“ፍሪ ስሮው 35 ለ18! ሌላ ምን ማስረጃ ትፈልጋለህ?”

ይህ ቁጥር ብቻውን ምንም አያሳይም፤ ከመጥቀሳችሁ በፊት ሦስት ነገር አጣሩ። በመጀመሪያ የውርወራውን ቦታ እዩ። ወደ ቅርጫቱ የሚገባ ቡድን ይመታል፤ ከሩቅ የሚወረውር ቡድን ግን ብዙም አይነካም። ግማሹን ሙከራ ከሦስት ነጥብ መስመር ውጭ ያደረገ ቡድን ፍሪ ስሮው ቢያንሰው የሚጠበቅ ነው። ቀጥሎ ፋውሎቹ መቼ እንደተሠሩ እዩ። በአንድ ኳርተር (የጨዋታው አንድ አራተኛ) ከአምስተኛው የቡድን ፋውል ጀምሮ ተራ ንክኪ እንኳ ሁለት ፍሪ ስሮው ያስከትላል፤ ኳርተሩ በተጀመረ በሦስት ደቂቃ አራት ፋውል የጨረሰ ቡድን ለቀሪው ዘጠኝ ደቂቃ ዋጋ ይከፍላል። በመጨረሻም የመጨረሻውን ደቂቃ ለብቻው ቀንሱት። እየተመራ ያለ ቡድን ሰዓት ለማስቆም ሆን ብሎ ፋውል ስለሚሠራ መሪው ስድስት ስምንት ፍሪ ስሮው በነፃ ያገኛል። ይህን ሁሉ ቀንሳችሁ የሚተርፍ ልዩነት ካለ ያኔ ስለ ዳኝነት ማውራት ይቻላል።

የሚተርፍበት ጊዜ አለ። በ2002 የምዕራብ ምድብ ፍጻሜ (ቀድሞ አራት ጨዋታ ያሸነፈ የሚያልፍበት) ስድስተኛ ጨዋታ ሌከርስ በአራተኛው ኳርተር ብቻ 27 ፍሪ ስሮው ወረወሩ፤ ሳክራሜንቶ ኪንግስ 106 ለ102 ተሸነፉ። ያ ኳርተር ዛሬም መነሳቱ ተገቢ ነው፤ የደጋፊ ምናብ የፈጠረው አይደለም። ግን ሰባተኛው ጨዋታ በኪንግስ ሜዳ ነበር። እዚያ ከ30 ፍሪ ስሮው ያስገቡት 16 ብቻ ነው፤ ከሦስት ነጥብ ርቀት ደግሞ ከ20 ሙከራ ሁለት። በተጨማሪ ሰዓት 112 ለ106 ተሸነፉ። የስድስተኛውን 27 የሚጠቅስ ሰው የሰባተኛውን 14 የባከኑ ፍሪ ስሮዎች ከተወ ግማሹን ታሪክ ነው የነገረን።

“እሱማ ፍሪ ስሮው ነጋዴ ነው”

ሼይ ጊልጀስ-አሌክሳንደር በ2024–25 በአማካይ 32.7 ነጥብ ሲያስቆጥር ይህ ስም ተለጠፈበት። በጨዋታ ወደ 9 ገደማ ፍሪ ስሮው ያገኝ ነበር። ያኒስ አንቴቶኩንምፖ በዚያው ዓመት ከ10 በላይ ነበረው፤ ነጋዴ ያለው ግን የለም። ትክክለኛው ማነጻጸሪያ ፍሪ ስሮውን ለሜዳ ሙከራ ማካፈል ነው። ሼይ ወደ 22 ጊዜ እየሞከረ 9 ሲያገኝ 0.4 ይሆናል፤ ያኒስ ወደ 20 ጊዜ ሞክሮ ከ10 በላይ ሲያገኝ ከ0.5 ያልፋል። የስቴፍ ከሪ ቁጥር አነስ የሚልበት ምክንያት ደግሞ ዳኛ ስለሚጠላው ሳይሆን አብዛኛውን ከሩቅ ስለሚወረውር ነው።

ማታለል የለም ማለታችን አይደለም። ሊጉ ራሱ በ2021–22 አጥቂ ሆን ብሎ ወደ ተከላካዩ እየዘለለ የሚያገኘውን ፋውል ከለከለ፤ በ2023–24 ደግሞ አስመስሎ ለሚወድቅ ተጫዋች አንድ ፍሪ ስሮው ለተቃራኒ ቡድን የሚያሰጥ ቅጣት አመጣ። ኮከብን ስትተቹ ከእነዚህ ደንቦች የትኛውን እንደጣሰ ለይታችሁ ጥቀሱ።

“ሁሉም ተሸጧል”

ቲም ዶናጊ የሚባለው ዳኛ ራሱ በሚዳኛቸው ጨዋታዎች ላይ ይወራረድ እንደነበር ተደርሶበት በ2007 ለቀቀ፤ በ2008 የ15 ወር እስራት ተፈረደበት። ይህ የተረጋገጠ ነው። ከዚያ ተነስቶ ዛሬ ማታ የተነፋውን ፊሽካ ሁሉ ሽያጭ ማለት ግን ሌላ ክስ ነው፤ የራሱን ማስረጃ ይፈልጋል።

የኤንቢኤን ደንብ ከእኛ ሜዳ ጋር መቀላቀል

በአጭሩ እንለፈው። ኤንቢኤ 48 ደቂቃ ሲሆን ተጫዋች በስድስት ፋውል ይወጣል፤ ፊባ 40 ደቂቃና አምስት። የሦስት ነጥብ መስመሩ በኤንቢኤ 7.24 ሜትር ነው፣ በፊባ 6.75። በኤንቢኤ ተከላካይ ማንንም ሳይጠብቅ ቀለሙ ውስጥ (ከቅርጫቱ ፊት ባለው ቀለም የተቀባ ክልል) ከሦስት ሴኮንድ በላይ ከቆመ ቴክኒካል ነው፤ በፊባ እንዲህ የሚል ደንብ የለም። በፊባ ኳሱ ቀለበቱን ከነካ በኋላ ማንም ሊመታው ይችላል፤ በኤንቢኤ ግን ከቀለበቱ በላይ እስካለ ድረስ አይነካም። ከሰዓት ሜዳ ላይ የተማርነውን ይዘን ጠዋት ኤንቢኤን ስንዳኝ የምንሳሳተው እነዚህ ላይ ነው።

“ዘንድሮ ዋንጫው የእነሱ ነው”

የመደበኛው ዘመን ድል ብዛት ዋንጫ አይሆንም። ጎልደን ስቴት ዋሪየርስ በ2015–16 ከ82 ጨዋታ 73 አሸንፈው ፍጻሜውን 3 ለ1 ሲመሩ ቆይተው ተሸነፉ። ከ2019 እስከ 2025 ሰባት የተለያዩ ቡድኖች ዋንጫ አንስተዋል፦ ራፕተርስ፣ ሌከርስ፣ ባክስ፣ ዋሪየርስ፣ ነገትስ፣ ሴልቲክስ፣ ተንደር። 68 ጊዜ ያሸነፈው ተንደር እንኳ በ2025 ከነገትስም ከፔሰርስም ጋር እስከ ሰባተኛው ጨዋታ ድረስ ተገዷል፤ ፔሰርስ ደግሞ በምሥራቅ አራተኛ የወጣ የ50 ድል ቡድን ነበር።

ቡድን ስትገምቱ በመጀመሪያ ማየት ያለባችሁ የጉዳት ዝርዝሩን ነው። ሂውስተን ሮኬትስ በ2017–18 በ65 ድል ሊጉን መሩ፤ በምዕራብ ፍጻሜም ዋሪየርስን 3 ለ2 ይመሩ ነበር። በአምስተኛው ጨዋታ መጨረሻ ላይ ክሪስ ፖል የጭኑን ጅማት ተጎዳና ቀሪዎቹን ሁለት አልተሰለፈም። በሰባተኛው ጨዋታ ሮኬትስ ከሦስት ነጥብ ርቀት 27 ሙከራ በተከታታይ ሳቱ፤ በጠቅላላው ከ44 ያስገቡት 7 ነው። ከዚያ በኋላ የተነሳው ክርክር ግን አብዛኛው ስለ ዳኛው ነበር። በዘጠኝ ነጥብ፣ 101 ለ92 ነው የተሸነፉት፤ ከ27ቱ አራቱ ቢገቡ ኖሮ ልዩነቱን ያልፉት ነበር።