ኬጁን ላይን ዳንስ ጣና ዳር፦ ለጀማሪ

ላይን ዳንስ ማለት ሁሉም በሰልፍ ቆሞ አንድ አይነት እስቴፕ አብሮ የሚረግጥበት ጭፈራ ነው፣ ይሄኛው በአሜሪካ ሉዊዚያና በኬጁኖች ሙዚቃ ነው። መጀመሪያ ትከሻችሁን አሳርፉት። እኛ ጋ ሙዚቃ ሲነሳ ቀድሞ የሚነቃው ትከሻ ነው፣ እዚህ ግን ስራው ሁሉ ከወገብ በታች ነው፣ ምቱም ሌላ ጣጣ አለው፤ ጆሯችን ችክችካ ስለለመደ ሁሉንም በሦስት በሦስት መከፋፈል ያምረዋል፣ የኬጁን ቱ ስቴፕ (ከጭፈራቸው አንዱ) ግን ቀጥ ብሎ በሁለት የሚሄድ ነው፣ ስለዚህ ከመጨፈራችሁ በፊት ዘፈን ከፍታችሁ ቁጭ ብላችሁ አጨብጭቡ። አኮርዲዮንና ቫዮሊኑ ሲሯሯጡ ግራ ካጋቧችሁ ከኋላ ቅጭል ቅጭል የምትለዋን የብረት ትሪያንግል ተከተሉ፣ ምቱ እሷ ጋ ነው።

ኬጁኖች እንግሊዞች በፈረንጆቹ ከ1755 ጀምረው ከአካዲያ፣ ማለትም ከዛሬዋ ምስራቅ ካናዳ ካባረሯቸውና በኋላ ሉዊዚያና ከሰፈሩ ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች የመጡ ናቸው። የራሳቸው የድሮ ጭፈራ በጥንድ ነው፣ ዋልዝና ቱ ስቴፕ፤ በሰልፍ መጨፈሩ ከካንትሪ ሙዚቃ ሰዎች የመጣ ነው። ለኛ እንደውም ይሄ ይሻላል፣ ማን ከማን ጋር ይጨፍር የሚል ወሬ የለበትም።

ጣና ዳር ማታ ነፋሱ ደስ ይላል ግን ኮብልስቶን ላይ እንዳትሞክሩት፣ ጫማ ይያዝና ጉልበት ይጠመዘዛል። ልሙጥ ሲሚንቶ ፈልጉ፣ ጎማው በጣም የሚይዝ ስኒከርም ይቅርባችሁ።

እስቴፑ 32 ምት ነው፣ አራት ጊዜ ስምንት። ክብደት ግራ እግር ላይ፣ ቀኙ ነጻ። አንደኛው ስምንት፦ ቀኝ ወደ ጎን፣ ግራ ከኋላው ይሻገር፣ ቀኝ እንደገና ወደ ጎን፣ በአራተኛው ግራን አጠገቡ ነካ፣ ከዛ ያንኑ ወደ ግራ። ነካ ስል ነካ ብቻ ነው እሺ፣ ክብደት ከጣላችሁበት ቀጣዩ እግር ይታሰራል፣ ሰው ሁሉ የሚበላሽበት እዚች ጋ ነው። ሁለተኛው፦ የቀኝ ተረከዝ ወደፊት ሁለቴ፣ የዛው እግር ጣት ወደኋላ ሁለቴ፣ ከዛ ቀኝ ተረከዝ ወደፊት መልስ፣ ግራ ተረከዝ ወደፊት መልስ። ሦስተኛው ቀላል ነው፣ ቀኝ ግራ ቀኝ ወደፊት ሄዳችሁ በግራ አየር ላይ ጠለዝ፣ ከዛ ግራ ቀኝ ግራ ወደኋላና ቀኝን ነካ። ጨዋታው ያለው አራተኛው ላይ ነው፦ ቀኝ-ግራ-ቀኝ ቶሎ ቶሎ በሁለት ምት፣ ግራ-ቀኝ-ግራ እንደዛው፣ ቀኝን ወደፊት አስቀምጣችሁ ወደ ግራ ሩብ ዙር ዞራችሁ ክብደቱን ለግራ ስጡት፣ በመጨረሻ ቀኙን መሬት ላይ ዷ አድርጉና (ክብደት ሳትጥሉበት!) አንዴ አጨብጭቡ። እስክስታ አላስችል ያለው ሰው ጭብጨባዋ ላይ አንዴ ትከሻ ጣል ያርግ፣ ከዛ ካለፈ ቀኝ እግሩ ይረፍድበታል።

አሁን ወደ ሌላ አቅጣጫ ዞራችኋል፣ ከዛው ትቀጥላላችሁ። ሀይቁን ፊት ለፊት አይታችሁ ከጀመራችሁ ከአንድ ዙር በኋላ በቀኝ ይሆናል፣ ቀጥሎ ከጀርባ፣ ቀጥሎ በግራ፣ ስለዚህ የጠፋበት ሰው ውሃው የት እንዳለ ይይ።

ያለሙዚቃ እየቆጠራችሁ ጀምሩ፣ እግራችሁ ሳያስብ ሲሄድ ስልካችሁ ላይ ፍጥነቱን 0.75 አድርጋችሁ ክፈቱት። በቡድን ከሆናችሁ የሚችሉትን አራቱ ጥግ ላይ፣ ጀማሪዎችን መሀል አቁሙ፤ የሚችሉትን ሁሉ ፊት ካቆማችኋቸው ሁለቴ ስትዞሩ ጀማሪው ፊት መሪ ይሆናል፣ ያኔ ሳቅ ብቻ ነው።