ሥዕል ፊት ስትቆሙ አንድ ጥያቄ ያዙ

የሰው ምስል ያለበት የዘመናችን ሥዕል ፊት ቆማችሁ «ምን ለማለት ነው?» ብላችሁ ከተቸገራችሁ፣ ከፍልስፍና አንድ ጥያቄ ብቻ ተዋሱ። እኔ አዘውትሬ የምይዘው የፈረንሳዊውን ፈላስፋ የሳርትርን ነው፦ ማን ማንን እያየ ነው? ሳርትር እ.ኤ.አ. በ1943 እንዳስረዳው፣ ሰው ሲያየን ራሳችንን በሌላው ዓይን እንደ ዕቃ እናገኘዋለን። በቁልፍ ቀዳዳ አጮልቆ የሚያይ ሰው ከኋላው ኮቴ ሲሰማ በድንገት ያፍራል። አሁን ወደ ሥዕሉ ተመለሱ። የተሳለችው ሴት ዓይኗን እናንተ ላይ ተክላለች? ወይስ ሳታውቅ ነው የምታዩዋት? እንደዚያ ከሆነ አጮላቂዎቹ እናንተ ናችሁ። ያ የመሸማቀቅ ስሜት የሥዕሉ አካል ነው፤ ቶሎ አትሽሹት።

ለገላ ደግሞ ሌላው ፈረንሳዊ ፈላስፋ ሜርሎ-ፖንቲ ይሻላል። ለእሱ ሰውነት ዓለምን የምንኖርበት እንጂ እንደ ዕቃ የምንይዘው አይደለም። እንግሊዛዊቷ ሠዓሊ ጄኒ ሳቪል የምትስላቸውን ግዙፍ ገላዎች ስታዩ፣ አቀማመጣቸውን በራሳችሁ ሰውነት ሞክሩት። ክብደቱ የት እንዳረፈ ይሰማችኋል።

አደራ፣ ጎኑ የተለጠፈውን ማብራሪያ ቀድማችሁ አታንብቡ። መጀመሪያ አምስት ደቂቃ ዝም ብላችሁ እዩ። የያዛችሁት ሐሳብ ከምታዩት ጋር ካልገጠመ ደግሞ ሐሳቡን ጣሉት።