በጣና ዙሪያ የአፈር ግድብ ሲሠራ የሚፈጸሙ ስህተቶች

ማስተንፈሻውን ማጥበብ። ገንዘብ ሲያጥር መጀመሪያ የሚቆረጠው የጎርፍ ማስተንፈሻው፣ ማለትም ትርፍ ውሃ በግድቡ አናት ሳያልፍ የሚወጣበት ቦይ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ደርቆ ስለሚታይ ትርፍ ወጪ ይመስላል። የአፈር ግድብ ግን ውሃ በአናቱ ካለፈበት አለቀለት፦ ጎርፉ ጀርባውን ከግርጌ ጀምሮ እየቦረቦረ በሰዓታት ውስጥ ይበጥሰዋል። ማስተንፈሻው በተሞላ አፈር ላይ ሳይሆን በጎን ባለው ያልተነካ መሬት ላይ ይቆረጥ። ከወለሉ እስከ ግድቡ አናት ቢያንስ 1 ሜትር ይቅር። አዲስ ሙሌት ከቁመቱ ከ5 እስከ 10 በመቶ ሊሰጥም ስለሚችል፣ 8 ሜትር የሚሆን ግድብ መሀሉ ላይ ከ40 እስከ 80 ሳንቲ ሜትር ከፍ ተደርጎ ይሠራል። ይህ ከተዘለለ ዝቅ ያለው መሀሉ ራሱ ማስተንፈሻ ይሆናል። መስከረም ላይ ውሃ ለመጨመር ብሎ ማስተንፈሻውን በአፈር ከረጢት መድፈንማ ግድቡን በገዛ እጅ ማፍረስ ነው፤ የክረምቱ የመጨረሻ ዝናብ ቀን ቆርጦ አይመጣም።

ሁሉንም በዋልካ መሙላት። የፎገራ ጥቁር አፈር ውሃ አያሳልፍም፣ እውነት ነው። ነገር ግን በበጋ ይሰነጠቃል፣ የሰኔ ውሃም በስንጥቁ ይገባል። ዋልካው እምብርት ላይ ይግባ፤ ውጪው በቀይ አፈር ይሸፈን። በአንድ ጊዜ ከ20 ሳንቲ ሜትር በላይ ማንጠፍ አይገባም፤ ላዩ ቢጠቀጠቅም ሥሩ ልል ሆኖ ይቀራል። እርጥበቱን በእጅ መለየት ይቻላል፦ ጨብጠው ሲለቁት ቅርጹን ከያዘና መዳፍ ካላራሰ ልክ ነው። በመውጫ ቱቦው ዙሪያ ማሽን ስለማይደርስ በእጅ መጠቅጠቅ አለበት፤ በአፈር ውስጥ ሰርጎ የሚወጣው ውሃ መንገድ የሚያገኘው እዚያ ነው።

ሐምሌ ላይ ጢም አድርጎ መሙላት። ጎርፍ የሚይዝ ግድብ ባዶ ቦታ ይፈልጋል፣ መስኖ ደግሞ ሙሉ ግድብ። የርብና የጉማራ ወንዞች የፎገራን ሜዳ የሚያጥለቀልቁት ሐምሌና ነሐሴ ላይ ነው። እስከ ነሐሴ አጋማሽ ቦታ ማስቀረት፣ ከዚያ ቀስ እያሉ መሙላት ይሻላል።

ትነትንና ደለልን አለማስላት። ጣና ራሱ በዓመት ከ1.5 ሜትር በላይ ውሃ በትነት ያጣል። በቀን 5 ሚሊ ሜትር ቢተን በ200 የበጋ ቀናት 1 ሜትር ይሆናል፤ 2 ሜትር ጥልቀት ላለው ሰፊ ኩሬ ግማሹ ሄደ ማለት ነው። ስለዚህ ከስፋት ጥልቀት ይመረጣል። ለማነጻጸር፣ መራዊ አጠገብ ያለው የቆጋ ግድብ 83 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ይዞ ለ7,000 ሄክታር መስኖ ታቅዷል፦ ለሄክታር 12,000 ሜትር ኩብ ግድም። ተፋሰሱ እርከን ከሌለው ደለሉ ከዚህ ላይ ይቀንሳል።

ባህር ዛፍ መትከል። ግድብ ላይ የሚያምርበት ሰርዶ ነው። የዛፍ ሥር ሲሞት በስብሶ ለውሃ ቱቦ ይተዋል፣ ፍልፈልም በጥላው ሥር ሲቆፍር አይታይም። የበቀለ ትልቅ ዛፍ ካለ ቆርጦ ጉቶውን መተው አይበቃም፤ በበጋ፣ ውሃው ዝቅ ሲል፣ ሥሩ ተነቅሎ ጉድጓዱ በ15 ሳንቲ ሜትር ንጣፍ እየተጠቀጠቀ ይሞላ።