ሥራዎን ከመጥፋት የሚያድኑ የኮምፒውተር አቋራጭ ቁልፎች

ረጅም የአቋራጭ ቁልፎችን ዝርዝር ሸምድዶ የሚጨርስ ሰው የለም፤ መሸምደድም አያስፈልግም። ቀድሞ መልመድ የሚበጀው ስህተት ሲፈጠር ሥራን የሚመልሱትን ነው፤ ሰኮንዶች የሚቆጥቡት ቀስ ብለው ይደርሳሉ። ከዚህ በታች ያሉት በዊንዶውስ 10 እና 11 ይሠራሉ። የ«+» ምልክት ሲያዩ የፊተኛውን ቁልፍ ሳይለቁ ቀጣዩን ይጫኑ። የዊንዶውስ ቁልፍ የሚባለው በኪቦርዱ ታችኛው ረድፍ ላይ የመስኮት ምልክት ያለበት ነው።

ከአንድ በላይ ነገር ኮፒ ማድረግ

ኮንትሮል + ሲ ኮፒ ያደርጋል፣ ኮንትሮል + ኤክስ ይቆርጣል፣ ኮንትሮል + ቪ ይለጥፋል። ችግሩ ኮምፒውተሩ በራሱ የሚይዘው መጨረሻ ላይ የተቀዳውን ብቻ መሆኑ ነው። አንድ አንቀጽ ቆርጠው ሳይለጥፉት መሐል ላይ ስልክ ቁጥር ኮፒ ካደረጉ አንቀጹ ይሄዳል። ወዲያው ከነቁ ኮንትሮል + ዜድን ደጋግመው በመጫን መመለስ ይቻላል፤ ሰነዱ ከተዘጋ ግን አይቻልም። ፋይል ሲቆረጥ ሁኔታው ይለያል፦ እስኪለጠፍ ድረስ ደብዘዝ ብሎ እዚያው ስለሚቆይ አይጠፋም።

ለዚህ መፍትሔው የክሊፕቦርድ (ኮፒ የተደረገው የሚቆይበት ጊዜያዊ ማስቀመጫ) ታሪክ ነው፤ ሌላ ፕሮግራም ማውረድ አያስፈልግም።

1. ዊንዶውስ + ቪ ይጫኑ። ትንሽ መስኮት ይከፈታል።
2. ከዚህ በፊት ካልተከፈተ «ተርን ኦን» የሚል ቁልፍ ያሳያል፤ እሱን ይጫኑ። ካላገኙት ሴቲንግስ ውስጥ ገብተው ሲስተም፣ ከዚያ ክሊፕቦርድ በሚለው ስር ያብሩት።
3. እንደ ልማድዎ ኮፒ ያድርጉ። መለጠፍ ሲፈልጉ እንደገና ዊንዶውስ + ቪ ተጭነው ከዝርዝሩ ይምረጡ።

ታሪኩ መያዝ የሚጀምረው ከተከፈተ በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት የተቀዳውን አያመጣም። ዛሬውኑ ይክፈቱት የምንለው ለዚህ ነው። የሚይዘው እስከ 25 ነገር ሲሆን ሲሞላ ከአሮጌዎቹ እየጣለ ይሄዳል። ኮምፒውተሩ ሪስታርት ሲደረግም ይጸዳል። ደጋግመው የሚለጥፉትን፣ ለምሳሌ አድራሻ ወይም የኢሜይል መዝጊያ፣ በፒን ምልክቱ ካሰሩት ግን ይቆያል። የሚይዘው ጽሑፍና ምስል ነው፤ ከፎልደር ኮፒ የተደረገ ፋይል እዚህ ውስጥ አይፈለግም።

አንድ አደጋ አለው። ኮፒ ያደረጉት ፓስዎርድ በዝርዝሩ ውስጥ በግልጽ ሊቀመጥ ይችላል። ኮምፒውተሩን ሌላ ሰው የሚጠቀምበት ከሆነ ሲጨርሱ ዊንዶውስ + ቪ ከፍተው «ክሊር ኦል» ይበሉ። ይህ ፒን የተደረገውን ስለማያጠፋ ፓስዎርድ ፈጽሞ ፒን አያድርጉ።

ከድረ ገጽ የተቀዳ ጽሑፍ ቀለሙንና የፊደል መጠኑን ይዞ እየመጣ ሰነድ ሲያበላሽ ኮንትሮል + ሺፍት + ቪ ጽሑፉን ብቻ ይለጥፋል። በብራውዘሮችና በአዳዲስ የወርድ ሥሪቶች ይሠራል። በአሮጌ ወርድ ላይ የማውሱን ቀኝ ተጭነው «ኪፕ ቴክስት ኦንሊ» የሚለውን ይምረጡ።

ፋይል ማዛወርና ማጥፋት

ፋይል በማውስ ሲጎትቱ ውጤቱ እንደ መድረሻው ይለያያል። በአንድ ድራይቭ (ለምሳሌ በሲ ዲስክ) ውስጥ ከፎልደር ወደ ፎልደር ከሆነ ይዛወራል፤ ወደ ፍላሽ ከሆነ ኮፒ ይሆናል። «ፋይሌ ከቦታው ጠፋ» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ሳይታሰብ ተጎትቶ ነው። ኮንትሮልን ይዘው ከጎተቱ የትም ቢሆን ኮፒ ይሆናል፣ ሺፍትን ከያዙ ይዛወራል። ከመልቀቅዎ በፊት ከጠቋሚው አጠገብ የሚወጣውን ትንሽ ጽሑፍ ይመልከቱ፤ ሊሆን ያለውን ይነግርዎታል። በስህተት ከተዛወረ ወይም ከጠፋ እዚያው ኮንትሮል + ዜድ።

ሺፍት + ዲሊት ፋይሉን በሪሳይክል ቢን (የተጣሉ ፋይሎች በሚቆዩበት ቅርጫት) ሳያሳልፍ ያጠፋል፤ ባይለምዱት ይመረጣል። ከፍላሽ ላይ የሚጠፋ ፋይል ደግሞ ተራውን ዲሊት ቢጫኑም ሪሳይክል ቢን አይገባም። ስለዚህ ፍላሽ ላይ ከማጥፋትዎ በፊት ኮምፒውተሩ ላይ ቅጂ መኖሩን ያረጋግጡ።

ስም ለመቀየር ኤፍ2 ይበቃል። ብዙ ፋይል በተከታታይ የሚቀይሩ ከሆነ ስሙን ጽፈው ታብ ሲጫኑ ወደሚቀጥለው ፋይል ያሻግርዎታል።

ኮምፒውተሩ ስታክ ሲያደርግ

ብዙ ሰው ቶሎ የሚሮጠው ወደ ማጥፊያው ቁልፍ ነው። እሱ መጨረሻ ይሁን፤ ሴቭ ያልተደረገ ሥራ ሁሉ አብሮ ይጠፋልና። ፕሮግራሙን ለጥቂት ደቂቃ ይጠብቁት፤ ትልቅ ፋይል እየከፈተ ሊሆን ይችላል። ካልተመለሰ ኮንትሮል + ሺፍት + ኢስኬፕ ታስክ ማናጀርን (የተከፈቱ ፕሮግራሞችን ዝርዝር የሚያሳየውን መስኮት) ይከፍታል፤ ስታክ ያደረገውን መርጠው «ኤንድ ታስክ» ይበሉ። የዚያ ፕሮግራም ያልተቀመጠ ሥራ ቢጠፋም የሌሎቹ ይተርፋል።

ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ወይም ደርቆ ከቀረ ዊንዶውስ + ኮንትሮል + ሺፍት + ቢ ይሞክሩ። የስክሪኑን ድራይቨር (ምስሉን የሚያንቀሳቅሰውን ሶፍትዌር) እንደገና ያስነሳል፤ ስክሪኑ ብልጭ ይላል፣ የተከፈቱት ፕሮግራሞች ግን አይዘጉም። ይህም ካልሠራ ኮንትሮል + አልት + ዲሊት ተጭነው ከታች በቀኝ ጥግ ካለው ምልክት ሪስታርት ይምረጡ።

ሻት ዳውን አድርጎ ማብራት ከሪስታርት ጋር አንድ አይደለም። «ፋስት ስታርትአፕ» የሚባለው ከተከፈተ ሻት ዳውን የዊንዶውስን እምብርት በዲስክ ላይ አስቀምጦ በማግስቱ ያንኑ መልሶ ይጭናል፤ ችግሩም አብሮ ሊመለስ ይችላል። ሪስታርት ግን ከባዶ ያስነሳል። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ሲያስቸግር ሪስታርት ያድርጉ።

በቀን በቀን የሚጠቅሙ ሌሎች

በስህተት የዘጉትን የብራውዘር ታብ ኮንትሮል + ሺፍት + ቲ ይመልሳል፤ ደጋግመው ሲጫኑ ከዚያ በፊት የተዘጉትም ይመጣሉ። ዊንዶውስ + ሺፍት + ኤስ ከስክሪኑ የመረጡትን ክፍል ብቻ ፎቶ ያነሳል፤ ከዚያ ኢሜይል ወይም ቻት ላይ በኮንትሮል + ቪ ይለጠፋል። ከወንበር ሲነሱ ዊንዶውስ + ኤል ይቆልፋል።

የኪቦርድ ቋንቋ በዊንዶውስ + ስፔስ ይቀየራል። አማርኛና እንግሊዝኛ ባለበት ኮምፒውተር ላይ ትክክለኛው ፓስዎርድ አልቀበል ካለ መጀመሪያ የሚታየው ይኸው ነው፤ ቀጥሎ ካፕስ ሎክ።