ልጅ ነሽ ቢሉሽም ጡትሽ ላይ ያለውን እብጠት እንዴት ታስመረምሪያለሽ

እህቴ ጡትሽ ላይ የሆነ ነገር ከዳሰስሽ መጀመሪያ አትደንግጪ፣ በሃያዎቹ እድሜ የሚወጣ እብጠት አብዛኛው ካንሰር አይደለም፣ ፋይብሮአዲኖማ የሚሉት ከጣት ስር እየተንሸራተተ የሚያመልጥ ነገር ነው። ግን ያንቺ የትኛው እንደሆነ በመዳሰስ ብቻ ማንም ሊነግርሽ አይችልም፣ ዶክተርም ቢሆን።

የወር አበባሽ መጥቶ እስኪሄድ ጠብቂና ካልጠፋ ጤና ጣቢያ ሂጂ። የምታጠቢ ከሆነ "ወተት ቋጥሮ ነው" ይሉሻል፣ ብዙ ጊዜ እውነታቸውን ነው፣ አንቲባዮቲኩን ጨርሰሽ ካልቀነሰ ግን ሌላ ዙር ኪኒን ከመቀበልሽ በፊት አልትራሳውንድ ጠይቂ። የወጣት ጡት ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ማሞግራም የሚሉት የጡት ራጅ ብቻውን እብጠቱን ሊስተው ይችላል።

መንዝም ሁኚ አንኮበር ሪፈሩን ሳትይዢ ደብረ ብርሃን አትሂጂ፣ በጤና መድህን የምትታከሚ ከሆነ ከኪስሽ ትከፍያለሽ። ሸንኮራ ዮሐንስም ጻድቃኔ ማርያምም ጠበል ግቢ፣ ማን ይከለክልሻል፣ ብቻ ከእብጠቱ የሚወሰደውን ናሙና ሰጥተሽ ውጤቱ እስኪደርስ ይሁን።

ናሙናው ላይ ጠንቀቅ በይ። በቀጭን መርፌ የሚወሰደው ካንሰር መሆኑን ሊያሳይ ይችላል፣ አይነቱን ለመለየት ግን በወፍራሙ መርፌ ስጋው ቢወሰድ ይሻላል። አንዳንዴ ብልቃጡን ለቤተሰብ ሰጥተው አዲስ አበባ አድርሱ ይላሉ፣ ያኔ ስምሽ፣ የቱ ጡት እንደሆነና የተወሰደበት ቀንና ሰዓት መጻፉን እይ፣ ስጋው እንዳይበላሽ የሚነከርበት ፈሳሽ፣ ፎርማሊኑ፣ ስጋውን ይሸፍነው፣ ክዳኑም ይጥበቅ፣ በጣርማበር በኩል የመጣ ሰው ያን መንገድ ያውቀዋል።

ካንሰር ነው ከተባለ ኢአር፣ ፒአር (ሁለቱ የሆርሞን ናቸው) እና ኸር ቱ የሚባሉት የናሙናው ምርመራዎች መሰራታቸውን ጠይቂ፣ የሚሰጥሽን መድኃኒት የሚወስኑት እነሱ ናቸውና። ከ40 በታች ባሉ ሴቶች በሽታው በአማካይ ፈጠን ያለ ነው፣ ሦስቱም ምርመራ ኔጋቲቭ የሚሆንበት፣ ትሪፕል ኔጋቲቭ የሚሉት አይነትም እነሱ ላይ ይበዛል፣ በዚያ ላይ "ልጅ ናት" እየተባለ ጊዜው ይሄዳል። ቀድሞ የተገኘ ግን በደንብ ይታከማል። እርጉዝ ብትሆኚም የእርግዝናው የመጀመሪያ ሦስት ወር ካለፈ በኋላ የሚሰጥ ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት) አለ፣ ጨረርና ታሞክሲፈን የሚሉት ሆርሞኑን የሚከላከል ኪኒን ግን ከወሊድ በኋላ ነው።

ሆርሞን ፖዘቲቭ ከሆነ፣ ማለት ኢአር ወይ ፒአር ከተገኘበት፣ ታሞክሲፈን ቢያንስ 5 ዓመት ነው፣ ብዙ ወጣቶች ሙቀቱ ሲያስመርራቸው ወይ ልጅ ሲያምራቸው በራሳቸው ይተዉታል፣ እኔ የምፈራው ይሄንን ነው። በ2023 የወጣ ጥናት ከ18 እስከ 30 ወር ወስደው ለመውለድ ብለው እስከ ሁለት ዓመት ያቋረጡት ላይ በአጭር ጊዜ ክትትል በሽታው የመመለስ እድሉ እንዳልጨመረ አሳይቷል፣ ስለዚህ ለሐኪምሽ ንገሪው፣ መላ አለው። መውለድ እፈልጋለሁ የሚለውንም ኬሞ ሳይጀመር ነው የምትናገሪው፣ ከጀመርሽ በኋላ አማራጩ ይጠባል።

ኬሞ ላይ የወር አበባ ቢቀርም ማርገዝ ይቻላል። የወሊድ መከላከያ መርፌውና ክንድ ውስጥ የሚቀበረው ሆርሞን ስላለባቸው ላንቺ አይሆኑም፣ ጤና ጣቢያ ስትሄጂ ማህፀን ውስጥ የሚገባውን የመዳቡን ሉፕ በይ።