ፓውንዱ ሲወርድ፦ ለንደን ሆናችሁ አገር ቤት ለምትገነቡ

ሰኔ 17 ቀን 2008 ዓ.ም. ጠዋት ሰሜን ለንደን አንድ ሐዋላ ቤት ተሰልፌ ነበር። ልጁ ሰሌዳው ላይ ያለውን ምንዛሬ በመዳፉ ጠርጎ አዲስ ቁጥር ጻፈ። አንድ ሰው ሳያስተናግድ እሱንም አጠፋው። እንግሊዞች ከአውሮፓ ኅብረት እንውጣ ብለው ድምፅ የሰጡት በዋዜማው ነው። 1,500 ዶላር ገደማ ያወጣ የነበረው 1,000 ፓውንድ አድሮ ከ1,400 በታች ሆነ። አዲስ አበባ በር የሚሠራልኝ አናጺ ግን የሚጠብቀው ያንኑ ብር ነበር።

ይህ ብሬግዚት የተባለው መውጣት ለንደንን አላፈረሳትም። ዛሬም ከዓለም የውጭ ምንዛሬ ግብይት ከሲሶ በላይ የሚሆነው እዚያው ነው። ግን ቀድሞ ለንደን ለባንክ የተሰጠ አንድ ፈቃድ በመላው ኅብረቱ ያሠራ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ2021 መግቢያ ጀምሮ ያ ቀረ። ባንኮች ሥራና ሠራተኛ ወደ ፍራንክፈርት፣ ፓሪስና ደብሊን አዛወሩ። በዚያው ጥር አምስተርዳም በአክሲዮን ግብይት ለንደንን ቀደመቻት። «እኛን ምን አገባን?» እንዳትሉ። የባንኮቹን ፎቅ የምናጸዳው፣ ሰዎቻቸውን በታክሲ የምናመላልሰው እኛ ነን።

መጀመሪያ ዕዳችሁ በምን ገንዘብ እንደሆነ ለዩ። የዳያስፖራ ሂሳብ በዶላርም፣ በፓውንድም፣ በዩሮም ይከፈታል። ቤቱን በዶላር ከተዋዋላችሁ፣ ፓውንዱ ጠንከር ሲል የሁለት ሦስት ወር ክፍያ ቀድማችሁ በዶላር ሂሳብ አስገቡ። «ነገ ይጨምራል» ብሎ ሁሉንም ይዞ መጠበቅ ቁማር ነው። ከፋፍላችሁ ላኩ።

በብር የተዋዋላችሁም አትዘናጉ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት 100 አለፈ። የላካችሁት በዛ ብላችሁ ደስ ሲላችሁ ተቋራጩ በአዲስ የብረት ዋጋ ይመጣል። የዋጋ ጭማሪን ማን እንደሚሸከም ውሉ ላይ ይጻፍ።

ጀርመን ካለች እህት ጋር አዋጥታችሁ የምትሠሩ ከሆነ፣ ዩሮዋን ለንደን አታምጡት። ከዚያው በቀጥታ ትላክ። ሁለት ጊዜ መመንዘር ገንዘብ ይበላል።

ኤምባሲ ሄዳችሁ ውክልና ስትሰጡ፣ ወኪሉ ግንባታ ማስቆም እንዲችል በግልጽ አስጽፉ። የእኔ ወኪል ይህ ሥልጣን አልነበረውም። እጄ ባጠረበት ወር አሸዋ እንኳ ሳይገባ የሠራተኛው ቀን ይቆጠር ነበር።